ሰማይን ያሰፋው ማሚቶ፤ የሰር ሮበርት ዋትሰን ዋት ሕይወትና ሥራ

ሰማይ ወሰን የለውም ሲባል መስማት የተለመደ ነው። በአየር ትራፊክ ቁጥጥር ሥራ ለተሰማራ ባለሙያ ግን ሰማይ እንደ ከተማ ጎዳና የሚጣበብ፣ ተራ የሚጠበቅበት፣ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ የሚዘጋ ስፍራ ነው። ጥበቱ የሚመነጨው ከቦታ ማነስ ሳይሆን ካለማወቅ ነው። አንድ አውሮፕላን በዚህች ደቂቃ የት እንደሚገኝ በትክክል ካልታወቀ፣ ሊገኝበት ይችላል ተብሎ የሚገመተው አየር ሁሉ ለእርሱ ብቻ ተከልሎ ይያዝለታል፤ ሌላው አውሮፕላን መሬት ላይ ወይም በሩቅ ሆኖ ይጠብቃል። ግምቱ በጠበበ ቁጥር ሰማዩ ይሰፋል። ይህን ግምት ከመቶ ኪሎ ሜትሮች ወደ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ለማውረድ ካበቁት ሰዎች መካከል ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው፣ ስለ ድርሻው ልክም ብዙ ክርክር የተነሣበት፣ ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት አሌክሳንደር ዋትሰን ዋት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋትሰን ዋት የተወለደው አፕሪል 13 ቀን 1892 በምሥራቅ ስኮትላንድ በምትገኘው ብሪኪን በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ አናጢ ነበር። ቤተሰቡ የእንፋሎት ሞተርን ካሻሻለው ከጄምስ ዋት ዘር ነው ይባል ነበር፤ የዘር ቆጠራው እውነትነት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ልጁን ለትምህርት ያበቃው ግን ይህ ስም ሳይሆን በውድድር ያገኘው የትምህርት ድጎማ ነው። ያን ጊዜ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ አካል በነበረው በዳንዲ ኮሌጅ ምሕንድስና ተምሮ በ1912 ተመረቀ። ከዚያም የፊዚክስ መምህር ለነበረው ለፕሮፌሰር ዊልያም ፔዲ ረዳት ሆነ። ያን ጊዜ ገና ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ይባል ወደነበረው ወደ ራዲዮ ጥናት የመራውም ይኸው መምህሩ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወጣቱ መሐንዲስ የተመደበው በፋርንቦሮ ከነበረው የአውሮፕላን ፋብሪካ ጋር ይሠራ በነበረው የአየር ጠባይ አገልግሎት ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን አውሮፕላን ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ነጎድጓዳማ ደመና ለአብራሪው ከጠላት ጥይት የማይተናነስ አደጋ ነበር። መብረቅ ሲበርቅ የራዲዮ ሞገድ ይረጫል፤ ይህ ሞገድ ከየት አቅጣጫ እንደ መጣ በሁለት ጣቢያዎች ቢለካ፣ የሁለቱ መስመሮች መገናኛ ነጎድጓዱ ያለበት ቦታ ይሆናል። ችግሩ የመብረቅ ምልክት ከሴኮንድ በጣም ያነሰ ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። አንቴናውን በእጅ አዙሮ አቅጣጫውን ለመፈለግ ጊዜ አይሰጥም። ዋትሰን ዋት ከረጅም ድካም በኋላ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ የካቶድ ጨረር ቱቦን ለዚሁ ሥራ አዋለ፤ ምልክቱ በደረሰበት ቅጽበት አቅጣጫው በመስተዋቱ ላይ የብርሃን መስመር ሆኖ ይታይ ጀመር። ለራዳር የሚያስፈልገው እጅ ማለት ይቻላል ያን ጊዜ ሠልጥኖ ነበር፤ አላፊ የሆነን ምልክት ይዞ፣ ለዓይን አሳይቶ፣ ከአንድ በላይ የሆኑ ጣቢያዎችን ወሬ በአንድ ካርታ ላይ የማጣመር ልምድ። የራዲዮ ሞገድን ወደ ምድር የሚመልሰው የላይኛው የአየር ክፍል አዮኖስፌር ተብሎ ይጠራ ዘንድ በ1926 ሐሳብ ያቀረበውም እርሱ ነው።

በ1930ዎቹ እንግሊዝ ከአየር የሚመጣባትን አደጋ የምትከላከልበት መሣሪያ አልነበራትም። በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻዋ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ድምፅ የሚያጠራቅሙ ግዙፍ የሲሚንቶ ጆሮዎች አቁማ ነበር፤ ሆኖም አውሮፕላኑ እየፈጠነ በሄደ መጠን ድምፁ ተሰምቶ ተዋጊ እስኪነሣ ድረስ ጠላት ከተማው ላይ ይደርሳል። በዚህ ጭንቀት መካከል፣ በ1935 መጀመሪያ ላይ፣ የአየር ሚኒስቴር ባለሥልጣኖች ዋትሰን ዋትን አንድ እንግዳ ጥያቄ ጠየቁት። ጋዜጦች የሞት ጨረር እያሉ ያወሩለት የነበረው፣ አብራሪን ከሩቅ የሚገድል የራዲዮ ጨረር ሊሠራ ይችላልን? ዋትሰን ዋት ስሌቱን ለረዳቱ ለአርኖልድ ዊልኪንስ ሰጠ፤ ነገሩ ምሥጢር ስለ ነበረ ግን ስምንት ፓይንት፣ ይኸውም አራት ሊትር ተኩል ያህል ውኃ፣ ከሩቅ ሆኖ በጥቂት ዲግሪ ለማሞቅ ምን ያህል ኃይል ያስፈልጋል ብሎ ሸፍኖ ነበር የጠየቀው። ዊልኪንስ መጠኑ በሰው አካል ውስጥ ያለው የደም መጠን መሆኑን ወዲያው ተረዳ። አስልቶም የማይሆን ነገር መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ታዲያ ምን ማድረግ ይቻላል የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ የፖስታ መሥሪያ ቤት መሐንዲሶች አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የራዲዮ ግንኙነታቸው እንደሚታወክ መግለጻቸውን ያስታወሰው ይኸው ዊልኪንስ ነበር። አውሮፕላን ሞገድን የሚያውክ ከሆነ ሞገድን ይመልሳል ማለት ነው። ከዚህ የተወለደው የዋትሰን ዋት ማስታወሻ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1935 ለሚኒስቴሩ ቀረበ።

የአየር ኃይሉ የምርምር ኃላፊ ሂው ዳውዲንግ ገንዘብ ከመፍቀዱ በፊት ማስረጃ በዓይኑ ማየት ፈለገ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን ማለዳ፣ በዴቨንትሪ አጠገብ በሚገኝ ሜዳ ላይ፣ በአንድ የጭነት መኪና ውስጥ የተገጠመ መቀበያ ተዘጋጀ። ማስተላለፊያ ለመሥራት ጊዜም ገንዘብም ስላልነበረ፣ የእንግሊዝ የስርጭት ድርጅት በዴቨንትሪ የተከለው የአጭር ሞገድ ጣቢያ እንደ ተውሶ ማብራት አገለገለ። አንድ ሄይፎርድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በጣቢያው አቅራቢያ ወዲያና ወዲህ ሲበር፣ በቱቦው መስተዋት ላይ የነበረችው የብርሃን ነጥብ ትረዝምና ታጥር ጀመር። አውሮፕላኑ 13 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪርቅ ድረስ ምልክቱ ታየ። ርቀቱንም ሆነ ከፍታውን የሚለይ መሣሪያ ገና አልነበረም። ቢሆንም ገንዘቡ ተፈቀደ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ፍጥነት የዛሬው መሐንዲስ ሊቀናበት የሚገባ ነው። ጥቂት ሰዎች ያሉበት ቡድን በሜይ ወር በምሥራቅ ጠረፍ ወደሚገኘው ወደ ኦርፎርድ ነስ ሄደ፤ በጁን ወር አውሮፕላንን ከ27 ኪሎ ሜትር ላይ አየ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ርቀቱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ደረሰ። አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። ማስተላለፊያው እጅግ አጭር የሞገድ ምት ይልካል፤ ምቱ አውሮፕላኑን ነክቶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፤ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ማሚቶው ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛ በኋላ ከተመለሰ አውሮፕላኑ በ150 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል ማለት ነው። የሚያስቸግረው በቂ ኃይል ያለው ምት መላክና ደካማውን ማሚቶ ከጩኸት መለየት ነው። ዋትሰን ዋት በዚህ ረገድ የተከተለው መመሪያ ከማሚቶው ያላነሰ ታዋቂ ሆኗል። ፍጹም የሆነው መሣሪያ ከቶ አይደርስም፣ ቀጥሎ ያለውም የሚደርሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ሦስተኛውን ዛሬ ውሰዱና ተጠቀሙበት የሚል ነበር ሐሳቡ። አጭር ሞገድ የተሻለ እንደሚሆን እያወቀ፣ በእጁ ባለው ቱቦ ሊመነጭ የሚችለውን ከ10 እስከ 13 ሜትር የሚደርስ ሞገድ መረጠ። እንዲህ ያለው ሞገድ የሚሽከረከር አንቴና ሊሠራለት ስለማይችል፣ 110 ሜትር የሚረዝሙ የብረት ማማዎች በባሕሩ ዳርቻ ተተከሉ። መልካቸው አያምርም፤ ከኋላቸው ያለውንም በደንብ አያዩም። በ1939 ጦርነቱ ሲነሣ ግን 20 ያህል ጣቢያዎች ሥራ ላይ ነበሩ።

ስለ ራዳር የሚጻፈው አብዛኛው ታሪክ ማማዎቹን አድንቆ ያልፋል። ይሁን እንጂ ጀርመኖችም በዚያው ጊዜ በሥራ ጥራት ከእንግሊዞቹ የሚበልጥ ራዳር ነበራቸው። ልዩነቱ የተፈጠረው ከመስተዋቱ ጀርባ ነው። ከ1936 ጀምሮ በቢጊን ሂል የተደረጉ ሙከራዎች የራዳር ወሬ በእጅ ቢገባ ተዋጊውን ወደ ጠላት እንዴት መምራት እንደሚቻል አሳዩ። በየጣቢያው የታየው ሁሉ በስልክ ወደ ቤንትሊ ፕራዮሪ ይደርሳል፤ እዚያ አንዱን አውሮፕላን ሁለት ጣቢያዎች አይተውት ሁለት ሆኖ እንዳይቆጠር ይጣራል፤ የተጣራው በትልቅ ጠረጴዛ ላይ በምልክት ይቀመጣል፤ ከጠረጴዛው ወደ አየር ማረፊያዎች ትእዛዝ ይወጣል። በመስተዋቶቹና በጠረጴዛዎቹ ዙሪያ ከተሰለፉት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ።

የዚህ አደረጃጀት ጥቅም በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ከራዳር በፊት ሰማዩን ለመጠበቅ አውሮፕላኖች እየተፈራረቁ ቀኑን ሙሉ መብረር ነበረባቸው፤ አንዱ በአየር ላይ ሲዞር ሌላው ነዳጅ ይቀዳል፣ ሌላው ይጠገናል፣ አብራሪውም ይደክማል። ሰማዩ ስፋት ስላለው ጠላት በመጣበት ጊዜ በትክክለኛው ቦታ የሚገኙት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ራዳር ከመጣ በኋላ ግን ተዋጊው መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ በሚያስፈልግበት ሰዓትና ቦታ ብቻ ይነሣል። በ1940 የበጋ ወራት የእንግሊዝ አየር ኃይል ከቁጥሩ በላይ የበዛ መስሎ የታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የራዳር ማሚቶ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ አንድ ነገር እንዳለ ይናገራል እንጂ ማን እንደሆነ አይናገርም። ዋትሰን ዋት ይህን ችግር ገና በ1935 ነክቶት ነበር። ጦርነቱ በታወጀ በሦስተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1939፣ በቴምዝ ወንዝ መግቢያ አካባቢ እንግሊዛውያን አብራሪዎች የገዛ ወገናቸውን ሁለት አውሮፕላኖች መትተው ጣሉ፤ አንድ አብራሪም ሞተ። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ደግሞ በሐዋይ ደሴቶች በኦፓና የነበረው የአሜሪካ ራዳር ወደ ፐርል ሐርበር የሚገሠግሡትን የጃፓን አውሮፕላኖች ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርቀት አየ፤ ወሬውን የተቀበለው መኮንን ግን ከካሊፎርኒያ የሚጠበቁ የወገን አውሮፕላኖች መሰሉትና ነገሩ ታለፈ። መሣሪያው ሥራውን ሠርቶ ነበር። በዚያው ወር ዋትሰን ዋት ወደ አሜሪካ ተጠርቶ የምዕራብ ጠረፉን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሲመረምር ያቀረበው ዘገባ የመሣሪያውንም የአደረጃጀቱንም ድክመት በብርቱ የነቀፈ ነበር።

ለማንነት ጥያቄ የተገኘው መልስ ከአውሮፕላኑ ራሱ መልስ መቀበል ነው። በአውሮፕላኑ ውስጥ አንድ ትንሽ ማስተላለፊያ ይገጠማል፤ የመሬቱ ጣቢያ ጥያቄ ሲልክለት ወገን መሆኑን የሚያሳውቅ ምልክት ይመልሳል። የዛሬው ትራንስፖንደር የዚህ የጦርነት ጊዜ ዕቃ የልጅ ልጅ ነው።

በ1942 ዋትሰን ዋት የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው፤ በሁለቱ ስሞቹ መካከል ሰረዝ ያስገባውም ያን ጊዜ ነው። የክብሩ ነገር ግን ያለ ቅሬታ አልቀረም። ጀርመናዊው ክርስቲያን ሁልስማየር በ1904 መርከብን በሞገድ ማሚቶ ለይቶ በማሳየት የፈጠራ መብት አስመዝግቧል፤ አሜሪካኖችም በ1934 መጨረሻ አውሮፕላንን በሞገድ ምት አይተዋል። በራሱ ቤትም ቢሆን ስሌቱን የሠራው፣ የፖስታ መሐንዲሶቹን ዘገባ ያስታወሰው፣ በዴቨንትሪ ሜዳ መቀበያውን ያዘጋጀው ዊልኪንስ ነው። ዋትሰን ዋት ንግግር የሚያበዛ፣ ራሱን ማስተዋወቅ የማይሰለቸው ሰው መሆኑን ወዳጆቹም አይክዱም። ከጦርነቱ በኋላ ለፈጣሪዎች ካሣ የሚወስነው የመንግሥት ኮሚሽን ለቡድኑ ከመደበው ገንዘብ 50,000 ፓውንድ ለእርሱ ሲሰጥ፣ ሌሎቹ የተካፈሉት ከዚያ በእጅጉ ያነሰውን ነው። ፍርዱ ለዊልኪንስ ፍትሐዊ ነበር ማለት ያስቸግራል። በሌላ በኩል ግን ሐሳቡን ከአንድ ገጽ ስሌት አንሥቶ ሚኒስቴሩን ያሳመነ፣ ገንዘብ ያስፈቀደ፣ ሰው የመለመለ፣ ያልተሟላውን መሣሪያ ሥራ ላይ ያዋለ ሰው ባይኖር፣ ስሌቱ ከመሳቢያ ባልወጣ ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ለመከላከያ የተፈጠረው ዕቃ ወደ ሰላማዊው በረራ ተሻገረ። በዚህ ላይ በ1940 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማግኔትሮን ሞገዱን ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አሳጥሮት ስለ ነበረ፣ እንደ ማማ የቆመው አንቴና በአየር ማረፊያ ጣሪያ ላይ ሊሽከረከር ቻለ። የአዲሱ አሠራር ትርጉም በገሃድ የታየው በበርሊን ነው። ከተማዪቱ በየብስ ተዘግታ ምግብና ከሰል በአየር ሲጫንላት፣ ኦገስት 13 ቀን 1948 ደመናው እስከ ቤት ጣሪያ ወረደ፤ አንድ አውሮፕላን ተከስክሶ ነደደ፤ ሌሎቹ በከተማዪቱ ላይ እርስ በርሳቸው ተደራርበው ይዞሩ ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ በመሬት ራዳር እየተመሩ በሦስት ደቂቃ ልዩነት በቀጥታ እንዲያርፉ፣ ማረፍ ያልቻለም ሳይዞር ወደ መጣበት እንዲመለስ ተወሰነ። በአፕሪል 1949 አጋማሽ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ 1,400 ያህል በረራዎች በርሊን ገቡ። የመተላለፊያዎቹ ብዛትና ስፋት ግን ያው ነበር፤ ሦስት ብቻ፣ እያንዳንዱም 32 ኪሎ ሜትር።

ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ የሆነችበት የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ያወጣቸው ደንቦች ይህንኑ እውነት በቁጥር ያስቀምጡታል። ራዳር በሌለበት መስመር፣ አብራሪዎች ቦታቸውን በራዲዮ እየተናገሩ ብቻ በሚሄዱበት ጊዜ፣ በአንድ ከፍታ የሚከታተሉ ሁለት አውሮፕላኖች እንደ መስመሩ ሁኔታ የ10 ወይም የ15 ደቂቃ ልዩነት ሊኖራቸው ይገባል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት 10 ደቂቃ ማለት 150 ኪሎ ሜትር ነው። ራዳር ባለበት ግን ርቀቱ 5 የባሕር ማይል፣ ይኸውም ከ9 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ በአየር ማረፊያ አቅራቢያም እስከ 3 የባሕር ማይል ሊሆን ይችላል። ይህ ሲባል ሰማዩ አሥራ ስድስት እጥፍ አውሮፕላን ይሸከማል ማለት አይደለም፤ የማኮብኮቢያው ቁጥር፣ ትልቁ አውሮፕላን ከኋላው የሚተወው የአየር መናወጥ፣ የአንድ ተቆጣጣሪ አእምሮና አንደበትም የየራሳቸው ልክ አላቸው።

ሆኖም መንግሥታት ለዚህ ገንዘብ ለማውጣት የፈጠኑት በአደጋ ተገፍተው ነው። ጁን 30 ቀን 1956 ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ራዳር በማያያቸው በግራንድ ካንየን ሰማይ ተጋጭተው 128 ሰዎች ሞቱ። ዲሴምበር 16 ቀን 1960 ደግሞ በኒው ዮርክ ከተማ ላይ በደረሰ ግጭት 134 ሰዎች አለቁ፤ ከአውሮፕላኖቹ አንዱ እንዲጠብቅ ከተነገረው ቦታ አልፎ ሄዶ ነበር። የትራንስፖንደር አጠቃቀም የተስፋፋው ከነዚህ ዓመታት ወዲህ ነው። ጥቅሙ ስም በመናገር ብቻ አይወሰንም። ማሚቶን ብቻ የሚጠብቅ ራዳር፣ የአውሮፕላኑ ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚመለስለት ኃይል 16 ጊዜ ያንሳል፤ የራሱ ማስተላለፊያ ያለው አውሮፕላን መልስ ግን የሚያንሰው 4 ጊዜ ብቻ ነው። መልሱ አራት አኀዝ ያለው መለያ ቁጥርና ከፍታ ይዞ ስለሚመጣ፣ ተቆጣጣሪው ማንነቱን ለማወቅ አውሮፕላኑን ወደ ቀኝ ታጠፍ ብሎ ማዘዝ አያስፈልገውም። ሰማዩ ሲሞላ የጎረቤታሞች መልስ መደራረብ ሲያስቸግር ደግሞ፣ እያንዳንዱን በተለየ አድራሻው ብቻውን የሚጠይቅ አሠራር ተተካ።

ከሁሉ የቀረው ራዳር ሊተከልበት የማይችለው ውቅያኖስ ነበር። ዛሬ አውሮፕላኑ ቦታውን ከሳተላይት አውቆ፣ ማንም ሳይጠይቀው በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል ያውጃል። በ2019 ይህን አዋጅ የሚሰሙ ሳተላይቶች በሰሜን አትላንቲክ ላይ ሥራ ሲጀምሩ፣ በሚከታተሉ አውሮፕላኖች መካከል ቀድሞ 40 የባሕር ማይል የነበረው ርቀት እስከ 14 ሊወርድ ቻለ። በዚህም ብዙ አብራሪዎች ነዳጅ የሚቆጥብላቸውን ከፍታ ለማግኘት ቀድሞ ይከለከሉ የነበረውን ፈቃድ ያገኛሉ። ይሁንና በዚህ አሠራር ሰማዩ የሚታወቀው አውሮፕላኑ ስለ ራሱ በተናገረው ልክ ነው፤ የሳተላይቱ ምልክት ቢታወክ ወይም መሣሪያው ቢዘጋ ተመልካቹ ይታወራል። በዚህ የተነሣ የአውሮፕላኑን ፈቃድ የማይጠይቀው የጥንቱ ማሚቶ በብዙ አገሮች ገና አልተጣለም።

ሰር ሮበርት ይህን ሁሉ ለማየት አልበቃም። ከጦርነቱ በኋላ የምክር አገልግሎት ድርጅት አቋቁሞ፣ በ1950ዎቹ ወደ ካናዳ ተሻገረ። በዚያ ሳለ አንድ ቀን መኪናውን ከተፈቀደው በላይ ሲያፈጥን የትራፊክ ፖሊስ በራዳር መለኪያ ያዘውና 12 ዶላር ተኩል መቀጫ እንደ ከፈለ ይነገራል፤ እርሱም በራሱ ላይ የሚያላግጥ ግጥም ጻፈበት። የሕይወት ታሪኩን በ1957 አሳተመ። የመጀመሪያ ጋብቻው በፍቺ ከፈረሰና ሁለተኛ ሚስቱ ከሞተች በኋላ በ1966 ያገባት ካትሪን ትሬፉሲስ ፎርብስ በጦርነቱ ጊዜ የሴቶች ረዳት አየር ኃይል የመጀመሪያዋ አዛዥ የነበረች ናት፤ የራዳር መስተዋቶቹን ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች አለቃ ማለት ነው። እርስዋ በ1971 ሞተች። እርሱም ዲሴምበር 5 ቀን 1973 በኢንቨርነስ በ81 ዓመቱ ዐርፎ፣ ፒትሎክሪ በተባለች የስኮትላንድ ከተማ ከእርስዋ ጋር ተቀበረ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 2014 በትውልድ ከተማው በብሪኪን ሐውልት ቆመለት። ሐውልቱ በአንድ እጁ የባሕር ዳርቻውን የራዳር ማማ፣ በሌላው ስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ይዟል፤ የመንገደኛ አውሮፕላን የለበትም።